አዲስ የጎልፍ ዱላ መካከለኛውን ተጫዋች ያሻሽለዋል ወይ?

የፈረንጆቹ ዓመት በባተ ቁጥር ካላዌይ፣ ቴይለርሜድ፣ ፒንግና ሌሎቹም የጎልፍ ዕቃ አምራቾች አዲስ ሞዴል ይዘው ይመጣሉ። ማስታወቂያው ከዓምናው እምብዛም አይለይም፤ ዘንድሮም ኳሷ ከወትሮው ትርቃለች፣ ዘንድሮም ዱላው ስሕተትን ይሸፍናል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ጎልፍ በምንጫወት ሐበሾች ዘንድም ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር የመጀመሪያው ወሬ ይኸው ነው፤ ማን ምን ገዛ፣ ስንት አወጣበት፣ ለውጥስ አየበት ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ገዢው ራሱ «አዎን» ብሎ ይመልሰውና ጨዋታው ወደ ሌላ ይሻገራል። ስድስት መቶ ዶላር ያወጣበትን ዕቃ «ምንም አልጠቀመኝም» የሚል ሰው መቼም በቀላሉ አይገኝም። እኔ ግን ጥያቄው በቅጡ ሊመረመር ይገባዋል ባይ ነኝ።

መካከለኛ ተጫዋች ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። በአሜሪካ ሀንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ የሚለካና ሲያንስ ብልጫን የሚያሳይ ቁጥር፣ ያላቸው ወንዶች አማካይ 14 ገደማ ነው። ሀንዲካፕ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱ ብቻ ተወስደው ስለሆነ፣ ሀንዲካፑ 14 የሆነ ሰው ፓሩ፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተቀመጠው የምት ብዛት፣ 72 በሆነ ሜዳ ላይ በአዘቦት ቀን የሚጨርሰው በ90 ምት አካባቢ ነው። ሀንዲካፕ ያላወጣው ብዙኃኑ ደግሞ ከ100 በታች ለመግባት የሚታገል ነው። እንግዲህ የምጽፈው ቅዳሜና እሑድ በኢስት ፖቶማክ ወይም በላንግስተን የሕዝብ ሜዳ ተራውን ጠብቆ ለሚጫወት፣ በ90 እና በ100 መካከል ለሚመላለስ ሰው ነው።

ለዚህ ሰው አዲስ ዱላ አዲስ በመሆኑ ብቻ የሚያመጣለት ለውጥ ጥቂት ነው። ለቁመቱ፣ ለጉልበቱና ለአመታቱ የማይስማማ ዱላ ግን በእርግጥ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ሳሉ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ተደባልቀው ይቀርባሉ፤ ሁለተኛው ችግር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኳሷን ከመነሻው አርቆ ለመምታት ከሚያዘው ረጅም ዱላ፣ ከድራይቨሩ እንጀምር፤ ገንዘቡም ማስታወቂያውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የድራይቨር ራስ የሚሠራው ፐርሲመን ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነበር። ቴይለርሜድ እ.ኤ.አ. በ1979 የብረት ራስ አመጣ፤ ካላዌይ በ1991 ቢግ በርታ የተባለውንና በዘመኑ እንደ ግዙፍ የታየውን 190 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ድራይቨር አወጣ፤ ከዚያም ታይታኒየም መጣና መጠኑ በጥቂት ዓመታት ከእጥፍ በላይ አደገ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነበር። በእንጨት ድራይቨር ከመሐሉ ትንሽ ስቶ የሚመታ ሰው ኳሷን የት እንደሚያገኛት አያውቅም ነበር፤ ትልቁ የታይታኒየም ራስ ግን ያንኑ ምት ፌርዌይ ላይ፣ ማለትም ሣሩ በታጨደው መስመር ላይ፣ ወይም አጠገቡ ያሳርፈዋል።

ነገር ግን ዕድገቱ ወሰን ተበጅቶለታል። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት የአሜሪካው ጎልፍ ማኅበርና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ የድራይቨር ራስ መጠን ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እንዳያልፍ ደንግገዋል። የፊቱም ስፕሪንግነት ይለካል፤ አንዲት የብረት ፔንዱለም ፊቱን ስትነካ የምትቆይበት ጊዜ ከ257 ማይክሮ ሰከንድ መብለጥ የለበትም። አምራቾቹ እዚህ ጣሪያ አጠገብ ከደረሱ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ድራይቨርና የዘንድሮው፣ ሁለቱም ኳሷን መሐል ለመሐል ካገኟት፣ ልዩነታቸው በጥቂት ያርድ የሚቆጠር ነው። መሻሻል የቀረው ከመሐል ለሚስት ምት ነው፤ እሱም ቢሆን ከዓመት ዓመት የሚጨመረው ጠብታ ነው።

አር ኤንድ ኤ በብሪታንያ የአማተር ወንዶችን የድራይቨር ርቀት ለረጅም ጊዜ ሲለካ ኖሯል። በ1996 አማካዩ 200 ያርድ ገደማ ነበር፤ በ2019 ወደ 216 ያርድ ደርሶ ነበር። ጭማሪው ከሞላ ጎደል የመጣው የድራይቨሩ ራስ እየተለቀ በሄደባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ ከ2005 ገደማ ወዲህ መስመሩ ተኝቷል ማለት ይቻላል። በእነዚያ የተኙ ዓመታት ስንት ሞዴል «እጅግ ሩቁ ድራይቨር» እየተባለ እንደተሸጠ አንባቢ ያስበው። በነገራችን ላይ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከፖቶማክ ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የሚጫወት ሰው፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ብቻ ኳሱ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ትርቅለታለች። ሁለት መቶ ያርድ የሚመታው ሰው በዚያው በአሮጌ ዱላው 218 ያርድ ገደማ ይመታል ማለት ነው፤ የሩብ ምዕተ ዓመት ቴክኖሎጂ ያላስገኘውን የአውሮፕላን ትኬት ያስገኛል።

አሁን ባለ ቁጥር ወደሆኑት የብረት ዱላዎች፣ ወደ አይረኖቹ ልምጣ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርመው እዚህ ነውና ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ባለፈው ጸደይ ኳስ መለማመጃው ላይ አንድ ወዳጄ አዲስ ስብስብ ገዝቶ መጣ። ሰባት ቁጥር አይረኑን አነሣና ከወትሮው አሥራ አምስት ያርድ ያህል አሳልፎ መታ፤ ደስታው አይጣል ነው። የእኔን አሮጌ ሰባት ቁጥርና የእሱን አዲሱን ጎን ለጎን አድርገን፣ የታችኛውን ጠርዛቸውን አስተካክለን ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ ይዘን አየናቸው። የእኔ ፊት ወደ ሰማይ ጋደል ብሏል፤ የእሱ ግን ቀጥ ወደ ማለት ያደላል። የአይረን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፊቱ ቀጥ ይላል፣ ኳሷም ትርቃለች፤ የእኔን አምስት ቁጥር አውጥቼ ከእሱ ሰባት ጋር ሳስተያይ የፊታቸው ዝንባሌ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወዳጄ የገዛው ሰባት የሚል ቁጥር የተቀረጸበት አምስት ቁጥር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ይህ የእሱ ስብስብ ብቻ ችግር አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት የሰባት ቁጥር አይረን ዝንባሌ፣ ሎፍት የምንለው፣ 36 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ለመካከለኛ ተጫዋች ተብለው በሚሸጡት ላይ 28 ወይም 29 ዲግሪ የተለመደ ነው፣ ከዚያም የሚያንስ አለ። ዝንባሌው ሲቀንስ ኳሷ ትርቃለች፤ ይህ ፊዚክስ እንጂ ምሥጢር አይደለም። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መሐንዲሶቹ ክብደቱን ወደ ዱላው ራስ ሥር ስላወረዱት ኳሷ ዝንባሌው ቢያንስም ከፍ ብላ ትነሣለች፣ ስለዚህ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። ቢሆንም ውጤቱ ቦርሳው ውስጥ ይታያል። ዌጅ ከሚባሉት የአጭር ርቀት ዱላዎች ፒቺንግ ዌጅ ከ50 ዲግሪ አካባቢ ወደ 43 እና 44 ወርዷል፤ ሳንድ ዌጁ ግን 56 ላይ እንዳለ ነው። በመካከላቸው የተፈጠረውን ገደል ለመሙላት ሌላ ዌጅ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ሕጉ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ከ14 ዱላ በላይ አይፈቅድም። ወዳጄ ለአንድ ስብስብ የከፈለው ሳያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋፕ ዌጅ ፍለጋ ወጣ። ከግሪኑ፣ ቀዳዳው ካለበት ለስላሳ ሣር፣ የቀረው 150 ያርድ ሲሆን በስምንት ቁጥር መታው ወይስ በስድስት የሚል ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የውጤት ካርዱ ላይ የለም።

በአንጻሩ አሮጌ ዱላ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የኖርዌይ ተወላጁ መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም፣ ፒንግ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው፣ የዱላውን ራስ ክብደት ከመሐል አንሥቶ ወደ ዙሪያው ማከፋፈል ዱላው በእጅ ውስጥ እንዳይዞር እንደሚያደርገው ያሳየው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የመካከለኛ ተጫዋች አይረን ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ቀጭን የባለሙያ አይረን ከአጎቱ የወረሰ፣ ወይም የ1980ዎቹን ድራይቨር ይዞ የሚጫወት ሰው ቢቀይር በእርግጥ ይጠቀማል። እሱም ግን የዘንድሮውን ሳይሆን የስድስትና የሰባት ዓመቱን በሲሶ ዋጋ ገዝቶ አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል።

ወደ መስማማት ጉዳይ ስመጣ አብረውን የሚጫወቱ አንድ ረጅም ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የአይረን ምታቸው ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እሳቸውም ይህን ለማረም ወደ ግራ ዞረው መቆም፣ እጃቸውን መጠምዘዝ፣ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። አዲስ ስብስብ ሊገዙ ሲነሡ፣ «ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት ያሉትን ያስለኳቸው» አልኳቸውና አብረን ሄድን።

ለኪው የሠራው ሥራ ቀላል ነበር። የስድስት ቁጥሩ ሥር ላይ ፕላስተር የመሰለ ተለጣፊ ለጠፈና ከጠንካራ ፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ኳስ እንዲመቱ አደረገ። ዱላው ሰሌዳውን ሲነካ ተለጣፊው ላይ ጭረት ይቀራል። ጭረቱ መሐል ላይ ቢሆን ዱላው መሬቱን በትክክል እያገኘ ነው፤ የጋሼ ግን ደጋግሞ ወደ ጫፉ፣ ከዘንጉ ወደ ራቀው በኩል አደላ። ምክንያቱ ቁመታቸው ነው፤ እጃቸው ከፍ ብሎ ስለሚይዝ የዱላው ጫፍ ወደ መሬት ይደፋል፣ ተረከዙ ይነሣል፣ ፊቱም ወደ ቀኝ ይመለከታል። ለኪው አይረኖቹን አንድ በአንድ ማሽን ላይ አስሮ ሁለት ሁለት ዲግሪ አቀናቸው። ሁሉም ብረት እንዲህ አይታጠፍም፤ የእሳቸው ለስላሳ ብረት ስለነበር ሆነ። ጋሼ ሲመቱ ኳሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ስንት ዘመን ጥፋቱን በራሴ ላይ ስጭን ኖርኩ፤ ለካ ግማሹ የብረቱ ነበር» አሉኝ። የከፈሉት ገንዘብ የአዲስ ስብስብ ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

የዘንጉም ነገር እንደዚሁ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ባለሙያዎች ድራይቨር ሲወነጭፉ ፍጥነቱ በሰዓት 115 ማይል አካባቢ ይደርሳል፤ የመካከለኛው አማተር ወንድ 93 ማይል ገደማ ነው። ለእነሱ የተሠራ ከባድና ድርቅ ያለ ዘንግ፣ 9 ዲግሪ ዝንባሌ ካለው ድራይቨር ጋር ሲሆን፣ ለእኛ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ወደ ቀኝ የሚልክ ዕቃ ነው። ድርቅ ያለ ዘንግ መያዝ ወንድነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ላለፈ ሰው ቀለል ያለ የግራፋይት ዘንግና 10.5 ወይም 12 ዲግሪ ያለው ድራይቨር የሚሰጠውን ርቀት ምንም ዓይነት አዲስ ሞዴል አይሰጠውም። የሴቶቹ ችግር ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ ሴቶች የሚጀምሩት ከባል ወይም ከወንድም በተረፈ፣ ለእነሱ በሚረዝምና በሚከብድ ዱላ ነው፣ ከዚያም «ጎልፍ አይሆነኝም» ብለው ይተዋሉ።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ምቶችን መርምሮ፣ በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው ከግሪኑ ከ100 ያርድ በላይ ርቀው ከሚመቱት ምቶች መሆኑን አሳይቷል። ሻጮች ይህን ግኝት ይወዱታል፤ ረጅሙ ምት ወሳኝ ከሆነ ረጅም የሚመታውን ዱላ ግዙ ይላሉ። ሆኖም በ95 ምት የሚጨርስ ሰው ካርድ ላይ እነዚያ ምቶች የጠፉት በምን እንደሆነ ብናይ፣ ውኃ ውስጥ የገባች ኳስ፣ ከወሰን ውጪ የወጣች ኳስ፣ ጭንቅላቷ ተመትታ ሃያ እርምጃ የተንከባለለች ኳስ ናት። አሥር ያርድ መጨመር ከእነዚህ አንዷንም አያድንም፤ እንዲያውም ወደ ቀኝ የምትጠመዘዝ ኳስ አሥር ያርድ ስትጨምር ውኃው ውስጥ ጠልቃ ትገባለች። ዱላ የሚያግዘው በአንድ ነገር ነው። ሦስትና አራት ቁጥር አይረን ለመካከለኛ ተጫዋች የሚመቱ አይደሉም፤ ራሳቸው ወፈር ባሉት ዱላዎች፣ በሃይብሪድ ወይም በሰባት ቁጥር ዉድ፣ መተካት ኳሷን ከሣሩ ላይ ያነሣለታል። አንድ ዱላ ብቻ ልግዛ ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ ይኸው ነው።

ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ቀዳዳው የምንገፋበትን ፑተርን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ታይገር ዉድስ ካሸነፋቸው 15 ታላላቅ ውድድሮች 14ቱን ያሸነፈው ከ1999 ጀምሮ በያዘው በአንድ ፑተር ነው፤ ይህ በአዲስ ፑተር ላይ ሦስትና አራት መቶ ዶላር ለማውጣት ያሰበን ሰው ትንሽ ሊያሳስበው ይገባል። ርዝመቱ ከቁመትዎ ጋር ከተስማማና ፊቱን ወደ ቀዳዳው ለማነጣጠር ካላስቸገረዎት ይበቃዎታል።

ዌጅ ግን በእርግጥ ያልቃል። ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮች በአሸዋና በአፈር ሲበሉ ኳሷ አትሽከረከርም፣ በተለይ ሣሩ እርጥብ ሲሆን ግሪኑ ላይ አትቆምም። አዘውትሮ የሚጫወት ሰው ከሌሎቹ ዱላዎች ቀድሞ ዌጁን ቢቀይር ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። ግሪፑም፣ በእጅ የሚጨበጠው እጀታ፣ እንደዚሁ ነው። ከዓመታት ላብና ፀሐይ በኋላ ጎማው ይደርቅና ያንሸራትታል፤ ተጫዋቹም ሳያውቀው አጥብቆ ይጨብጠዋል፣ ክንዱ ይገተራል፣ አመታቱ ይሰበራል። አንዱን ግሪፕ መቀየር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዶላር ነው። ሁሉንም ቢቀይሩ የአዲስ ድራይቨር ሩብ ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን በመጀመሪያው ቀን እጅ ላይ ይታወቃል።

አዲስ ዱላ ልብ ላይ የሚያሳድረውን ነገር አልክድም። ሰው የወደደውን ዕቃ ሲይዝ በራሱ ይተማመናል፣ ከሥራ መልስም ወደ መለማመጃው ጎራ ማለት ይጀምራል፤ ያ ልምምድ ደግሞ በእርግጥ ያሻሽለዋል። ዋጋው ለቤተሰቡ የማይከብድ ከሆነ ማንም ሊከለክለው አይገባም፣ ደስታም የጨዋታው አካል ነው። የእኔ ተቃውሞ ደስታው «የስድስት ምት መሻሻል» ተብሎ ሲሸጥ ነው። ያው ስድስት መቶ ዶላር እንደ አስተማሪው ዋጋ ከአራት እስከ ስድስት ትምህርት ያስገኛል፤ ኳሷ ለምን ወደ ቀኝ እንደምትጠመዘዝ የሚያይልዎትም አስተማሪው ነው።

ለመግዛት ከወሰኑ አሮጌ ዱላዎን ይዘው ሱቅ ይግቡ፤ ሁለቱንም የኳሷን ርቀትና አቅጣጫ በሚለካው በዚያው ማሽን ፊት፣ በዚያው ኳስ፣ እየቀያየሩ ይምቱባቸው። ሻጩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳይዎት በአዲሱ የመቱትን ምርጡን ምት ነው። እርስዎ ግን አማካዩን ያሳዩኝ፣ ኳሶቹ ከግራ ወደ ቀኝ የተበተኑበትን ስፋት ያሳዩኝ ይበሉ፣ አይረን ከሆነም የሁለቱን ሎፍት በዲግሪ ይጠይቁ። ስፋቱ ካልጠበበ ዱላውን መልሰው ይስቀሉት። አሮጌውን ይዘው መግባትዎ ሻጩን ካላስደሰተው ሌላ ሱቅ አለ፤ የፈለጉትም ሞዴል የሚቀጥለው ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል።